አጎቴ የፎከሩበት ፒያኖ

ሰው ፒያኖ ሲባል የሆቴል ነገር ይመስለዋል፤ ሻማ፣ ወይን፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ አዳራሹ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከፈት አንድ የፒያኖ ቅጂ ነበር። አንዲት ፈረንጅ ብቻዋን የምትመታው ነው፤ ዘፋኝ የለ፣ ከበሮ የለ፣ አጃቢ የለ። ሥራ አስኪያጁ "ይህ ሮማንቲክ የሚሉት ዘመን ሙዚቃ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል" ሲለኝ የፍቅር መስሎኝ ነበር። ምን ፍቅር! ድብድብ ነው እንጂ። ለካ ሰውየው ለእንግዶቹ የሚከፍተው ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠ ኖሯል። አንድ ቀን እሱ ሳይኖር ዝም ብየ ብተወው ወደሚቀጥለው ተሻገረና ሴትዮዋ ፒያኖውን እንደ ጠላት ትደበድበው ጀመር። ሻይ ይዞ የሚያልፈው አስተናጋጅ ደንግጦ ቆመ። እኔ ግን ሳላስበው "እሰይ!" አልሁ፤ ድምፄን አውጥቼ።

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን ሳልናገር ብቀጥል ታሪኩ አይገባም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንቺን የሚያገባ ሰው በቁሙ ይጸድቃል" ትለኝ ነበር። የተባለው ሰው መጣ፣ አገባኝ፣ ጽድቁን ሳይጨርስ ጥሎኝ ሄደ። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ቁጣ ክልክል ነው። ቁልፍ የጠፋበት እንግዳ ሲጮህብኝ ጥርስ ማሳየት፣ ምግብ የዘገየበት ሲሰድበኝ ጥርስ ማሳየት። ቤቴ ስገባ መንጋጭላየን ያመኝ ነበር። ያች ሴትዮ ቀኑን ሙሉ የዋጥሁትን ሁሉ በአሥር ጣቷ ስታወጣልኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳው ቀረ፤ እንግዳው ሲቀር እኛም ቀረን። የተሰናበትሁ ዕለት ቅጂውን በፍላሽ ገልብጨ ወጣሁ። ከዚያ ሆቴል ሌላ የያዝሁት ነገር የለም።

የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። እናታችን ስትሞት ትንሽ ልጅ ስለነበር ከአባታችን ቤት አምጥቼ እዚሁ ባሕር ዳር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ተኩስ በተሰማ ቁጥር በር ዘግተን እንቀመጣለን። የከተማው ሰው ጆሮው ሠልጥኗል፤ ጎረቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች "ይህ ከባዱ ነው፣ ያኛው ክላሽ ነው" ትለኛለች፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ ሁሉ። እኔ ያን ጊዜ ስፒከሬን አምጥቼ ሴትዮዋን እከፍታታለሁ። ፍላሹ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለዜማዎቹ ስም ያወጣሁላቸው ራሴ ነኝ። "ሯጯ" አለች፣ ትንፋሽ የማትሰጥ። "እሹሩሩ" አለ፣ ልጅ የሚያስተኛ። "ጠበኛው" ደግሞ አለ። ጠበኛው ሲጀምር ጨዋ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንደሚያጉረመርም ያለ። ከዚያ ግራ እጇ ከታች ይነሣል፣ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ቤቱን ይሞላል፤ ከዚያማ በረዶ በቆርቆሮ ላይ ነው። ቅጂው ጥሩ ስለሆነ የሴትዮዋ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል፤ ልትመታ ስትል ሳብ ታደርገዋለች። ወንድሜ ግን ፒያኖዬን አይወደውም። "ይህ ሰፈር ተኩስ አንሶት ነው አንቺ የምትጨምሪበት?" ይለኝና የራሱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ይሰካል።

አባታችን የተገደለው በጦርነቱ አይደለም። ዱርቤቴ አጠገብ ባለው ቀያችን፣ በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ተራው የሱ በሆነበት ጠዋት ቦዩ ወደ ጎረቤቱ ሽንኩርት ተመልሶ አገኘው። "ለምን?" አለ፤ ተናገሩ፤ ተሳደቡ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ሲመልስ ጎረቤቱ በዶማ ጭንቅላቱን መታው። ደግሞም መታው። ውሃው ቀይ ሆኖ ማሳው ውስጥ ገባ ብለው የነገሩን ያዩት ሰዎች ናቸው። ገዳዩ ባዕድ አይደለም፤ ከአባቴ ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጣ የማኅበር ጓደኛው ነው። እኔን ልጅ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አያድርስ!

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረስንም። ስንደርስ ለቅሶው ገና ትኩስ ነው። ባገራችን ደም የፈሰሰበት ለቅሶ ሌላ ነው፤ አልቃሿ የምታለቅሰው ለሞተው ብቻ አይደለም፣ በሕይወት ያለውን ወንድ ልጅም ትወጋለች። ወንድሜ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ አንዲት ዘመዳችን ደረቷን እየመታች ተነሣች፦

"አለ ይሉኝ ነበር የወለደው ወንድ፣
ገዳይ ሲመላለስ ባባቱ መንገድ።"

ሴቶቹ "ወይኔ! ወይኔ!" አሉ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት አጎታችን፣ የአባታችን ታላቅ ወንድም፣ ክንዱን ያዙትና "ያንተ ለቅሶ ገና ነው" አሉት። አፉን ዘጋ። እኔ አልቃሿን ፀጉሯን ይዤ ላወጣት ነበር፤ ሰዎች ያዙኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሜ አላለቀሰም፣ አልሳቀም፣ ከእኔ ጋርም በወጉ አላወራም። ባጃጁን ይነዳል፣ ይመጣል፣ ግድግዳ ያያል።

ገዳዩ ሐይቁ ማዶ ካሉት ገዳማት ወደ አንዱ ሸሽቶ ደወል ደውሎ ገባ። ደወል የደወለን ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ መንካት ውግዘት አለው። ከግቢው ሲወጣ ግን እንደማንኛውም ሰው ነው፤ እንጨት ሊለቅም፣ ውሃ ሊቀዳ ይወጣል። መነኮሳቱ በአንድ ቄስ እጅ ላኩብን፦ ሰውየው ይቅርታ ይለምናል፣ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ልጆቹ ምን ይላሉ? እኔ ወዲያው እሺ አልሁ። ይቅርታ ገብቶኝ አይደለም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ነው፤ ወንድሜ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆን። እሱ አንዱን ሲገድል የዚያ ልጆች ደግሞ እሱን ሊገድሉ ነው፤ ባገራችን ይህን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አባቴን ቀብሬአለሁ፤ ያሳደግሁትን ልጅ ግን ለዶማ አልሰጥም ብየ ቆረጥሁ። ወንድሜ ለቄሱ እሺም እምቢም አላለም። "አስብበታለሁ" አለ፤ እሱ እንዲህ ሲል ደግሞ አስቦ ጨርሷል ማለት ነው።

እንዲህ እንዳለን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ በራችን ላይ ከተፍ አሉ። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በብብታቸው ጥቅል ይዘዋል። እግራቸውን አጠብሁ፣ ምሳ አቀረብሁ። በልተው ሲጨርሱ ጥቅሉን አልጋው ላይ ፈቱት። የአባታችን ጋቢ ነበር። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል፤ ጨርቁ እንደ ቆርበት ቀጥ ብሎ ቆሟል። መካከሉ ላይ በሰገባው ያለ ጩቤ ተቀምጧል።

"ይህን ታውቀዋለህ?" አሉት ወንድሜን።

"የአባቴ ጋቢ ነው።"

"አላጠብነውም። አንተ እስክታጥበው ነው የምንጠብቀው። ሰውየው በየጠዋቱ ከግቢው ወጥቶ እንጨት እንደሚለቅም አጣርቻለሁ። አንድ ጀልባ ነው የሚለየህ።"

"ጋሸ" አልሁ፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ፣ "ሽማግሌ ተይዟል እኮ። ቄሱ መጥተው…"

"አንቺ ሴት ነሽ፤ ያንቺ ፋንታ ማልቀስ ነው።"

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። "እርስዎስ?" አልኋቸው። "የርስዎ ፋንታ ምንድን ነው? ወንድምዎ አይደለም እንዴ የሞተው? ጩቤውን እንደሆነ ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ለምን አይሻገሩም?"

አጎቴ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ወረወር አድርገው ቀለቡ፣ በኛ ጠባብ ቤት ውስጥ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ይንጎራደዱ ጀመር።

"ዘራፍ! ዘራፍ የወንድሜ ወንድም፣
ደም ውሃ አይደለም በሽማግሌ አይወርድም!"

"ኧረ በማርያም! ጋሸ፣ ሰፈር ውስጥ ነን! ወታደር ይሰማል!" አልሁ። ማን ሊሰማኝ? ዓይናቸው ቀልቷል፣ አንገታቸው ሥሩ ተገታትሯል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ያያል። በየስንኙ ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ባገራችን ፉከራ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ፈሪን ያስነሣል፣ ዝምተኛን ያሳብዳል። በጩኸት የመጣን በጩኸት ነው የምመልሰው ብየ ስፒከሬን አነሣሁና የመጣልኝን ከፈትሁ። የመጣልኝ ምን ሊሆን ነው? ጠበኛው! ድምፁን እስከ ጥግ ድረስ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ጥሩ ሆነልኝ። አጎቴ ግራ ገባቸውና ስንኛቸው ተቋረጠ። "ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" አሉ። ዱላቸውን ወደ ታች አደረጉ። እኔም በልቤ አሸነፍሁ አልሁ። ሞቼ ነው ቆሜ! ረስቼው እንጂ ጠበኛው ሲጀምር ብቻ ነው ጨዋ። የሴትዮዋ ግራ እጅ ከታች መነሣት ሲጀምር አጎቴ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። አንድ እግራቸውን አነሡ፣ መሬቱን መቱ። ደግሞ መቱ። ከሴትዮዋ ጋር ገጠመላቸው። ፊታቸው በራ።

"እሰይ! ነጋሪት ነው እንጂ ይህ!" አሉ። "ጨምሪው አንቺ! እንዲህ ያለውን ይዘሽ ነው እንዴ ዝም ያልሽኝ?"

ከዚያ ወዲያማ ምን ልንገራችሁ! ፈረንጇ ትመታለች፣ አጎቴ ይዘላሉ። እሷ ትንፋሽ ሳብ ስታደርግ እሳቸውም ሳብ ያደርጋሉ፤ ስትወርድበት ይወርዱበታል።

"ሰንበሌጥ አይደለም ወድቆ አይቀር አባትህ፣
ደሙን ሳትመልስ ቤት አይሁንህ ቤትህ!"

ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የፈረንጅ ዜማ በአንድ የዱርቤቴ ገበሬ አፍ ፉከራ ሆኖ ቁጭ አለ። አብረው ያደጉ እንጂ ተገናኝተው የማያውቁ አይመስሉም። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ላጠፋው ስፒከሩን ስይዝ ግን አንድ እጅ እጄን ያዘኝ።

"ተይው፣ እትየ" አለ ወንድሜ።

ቀና ብየ ሳየው አጎታችንን እያየ አይደለም። ስፒከሩን ነው የሚያየው። ከሁለት ዓመት በላይ እየሰማ የኖረውን፣ "ጩኸትሽ" የሚለውን ነገር ያን ጊዜ ገና መስማቱ ነው። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ተኩስ እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም። የፎካሪ ነገር ይታወቃል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው፣ የሚይዘው ሲያጣ ራሱ ይቀመጣል። አጎቴም ላብ አጥምቋቸው "ውሃ ስጪኝ" ብለው ቁጭ አሉ። ወንድሜ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሴትዮዋ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምት መትታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

"እንዲህ ነበር እንዴ?" አለኝ። "መልሰሽ ክፈችው።"

"አልከፍትም!"

"እሺ" አለ። ተነሣ፣ ጩቤውን ከጋቢው ላይ አንሥቶ ወገቡ ላይ ሻጠ። ሰዓት እላፊው ሳይገባ ሐይቁ ዳር ጀልባ ካለው ጓደኛው ዘንድ ሊያድር፣ ሲነጋ ሊሻገር ነው። አልነገረኝም፤ ግን ሌላ የት ይሄዳል?

በሩ ላይ ቆምሁ። "ዞር በይ" አለኝ። "በላየ ላይ ሂድ" አልሁት። ክንዴን ይዞ ሊገፋኝ ሲል ነከስሁት። እጁን ነው የነከስሁት፤ እስኪደማ ድረስ። ጮኸና በሌላው እጁ ደረቴን ገፋኝ፤ ግድግዳው ላይ ሄጄ ተላተምሁና ተመልሼ ወገቡን ያዝሁት። ስንት ዓመት በጀርባየ ያዘልሁት ልጅ ጉልበቱ የበሬ ሆኗል። ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ሳህኑ ተሰባበረ። "ልቀቂው አንቺ! ወንድ ልጅ አይያዝም!" ይላሉ አጎቴ ከተቀመጡበት። ስፒከሩ አልጠፋምና የሚቀጥለው ዜማ ጀምሯል፤ እሹሩሩ ነው። እኛ እየተናነቅን ሴትዮዋ ልጅ ታስተኛለች። ጩቤውን ከወገቡ ልነጥቅ እጄን ስሰድ በክርኑ መለሰኝ። ክርኑ ፊቴን አገኘው። የበሩ ብረት ደግሞ ከጎኔ ተቀበለኝና ቅንድቤ ተተረተረ።

ደሙ ዓይኔን ሞላው። ምንም አይታየኝም፤ ግን ወገቡን አልለቀቅሁም። "ግደለኝና ሂድ!" እላለሁ። "መጀመሪያ እኔን! ተለማመድብኝ!" ከዚያ መታገሉን አቆመ። መላ ሰውነቱ ሲላላ ተሰማኝ።

"እትየ… ዓይንሽ ነው? ዓይንሽን ነው እንዴ?"

ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ጨርቅ ፈለገ፤ አጣ። አልጋው ላይ የተዘረጋውን የአባታችንን ጋቢ ስቦ አጣጥፎ ቅንድቤ ላይ ተጫነው። የደረቀው ደም ሻካራ ነው፤ ፊቴን ወጋኝ፣ ሸተተኝ። አጎቴ "አንተ! ጋቢውን! የአባትህ ደም ያለበት ነው እኮ!" ብለው ተነሡ። ወንድሜ ዞር ብሎ አያቸው። አልጮኸባቸውም። "ይህስ የማን ነው?" አላቸው፣ ትኩሱን እያሳያቸው። አጎቴ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

በባጃጁ ጤና ጣቢያ ወስዶ አሰፋኝ። ሲመልሰኝ እያለቀሰ ነበር የሚነዳው፤ እንደ ሕፃን፣ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ። ቤት ስንደርስ "ለቄሱ ደውይላቸው፤ እቀመጣለሁ በያቸው" አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀልኝ መሰለኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ፤ ወንድሜ አይገድልም።

ሽምግልናው የተያዘው ማዶ፣ ከገዳሙ ግቢ ውጭ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ዋርካ ሥር ነው። የሄድነው ከወንድሜ ጋር በሞተር ጀልባ ነው። መነኮሳቱ አሉ፣ ከቀያችን የመጡ ሽማግሌዎችና ሴቶች አሉ፣ አጎቴም ዱላቸውን ይዘው አንድ ዳር ተቀምጠዋል። ወጉ እንደሚያዘው ገዳዩ ከበስተጀርባ መጣ፤ ባዶ እግሩን፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። የሐይቅ ዳር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከባድ። ድንጋዩን እንደተሸከመ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፋ። "ስለ እግዚአብሔር! ስለ እመቤታችን! ማሩኝ!" ይላል። አርጅቷል። ከሲታ ሆኗል። እኔ የማስታውሰው ያ ወንዝ የሚያሻግር ትከሻ የለም።

መጀመሪያ "ይቅር ብያለሁ" ያሉት ማን ይመስላችኋል? አጎቴ! ያ ሁሉ ዘራፍ የት እንደገባ እንጃለት። ቀጥሎ ወንድሜ ተነሣ። የተደፋውን ሰው ቁልቁል አየው። "ስለ እግዚአብሔር ብየ ይቅር ብያለሁ" አለ። "ደሙን ትቻለሁ።" ሽማግሌዎቹ "ተባረክ! እደግ!" አሉት። ሴት ይቅር በይ ተብላ አትጠየቅም፤ ልማዱ የወንዶች ነው። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ግን ወደ ኔ ዞሩና "የልጆቹ ታላቅ እሷ ናት፤ ድንጋዩን እሷ ታውርድለት" አሉ።

ሄድሁ። በግራና በቀኝ ይዤ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሣሁት። ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። አንገቱ ቀጭን ነው፤ እኔ እግር ሥር ነው። ድንጋዩን መሬት ላይ ማኖር ነበረብኝ። እጄ ግን ወደ ታች አልሄደም። ወደ ላይ ሄደ። ደረቴ ላይ አደረስሁት፣ ከራሴ በላይ አደረስሁት። ውስጤ ጸጥ ያለ ነበር፤ ቁጣ እንኳ አይመስልም፣ ደስታ ነው የሚመስል። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት አንድን ነገር ፈልጌ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሉ ኃይሌ፣ ማውረድ። ወንድሜን ይዤ ስታገል፣ ቅንድቤን ሳስተረትር፣ ሽማግሌ ስጠራ፣ ይህ ሁሉ እኔ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

አወረድሁት። ድንጋዩ ከጆሮው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጭቃው ውስጥ ተሰነቀረ፤ ጭቃው የሰውየውን ፊት መታው። ሰውየው ጥምልምል አለ፤ ግን አልተነሣም።

"እልልልል!" አሉ ሴቶቹ። ሽማግሌዎቹ በደስታ ተነሡ። "እሰይ የኔ ልጅ! ወርውራ ጣለችው! ከልቧ ነው ይቅር ያለችው!" ተባለ። መነኩሴው መስቀል አሳለሙኝ፣ መረቁኝ። አጎቴ ሳይቀሩ ትከሻየን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ወንድሜ ብቻ ባለበት ቆሞ ፊቴን ያያል።

ስንመለስ ጀልባው ፊት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሞተሩ ስለሚጮኽ ነጂው አይሰማንም። ከዳርቻው ስንርቅ ጠጋ አለኝ።

"ልትገድዪው ነበር?"

"አዎ" አልሁት።

ወደ ሐይቁ ዞረ። "እጅሽ ነው የሳተው ወይስ አንቺ ነሽ ያሳትሽው?"

"አላውቅም። እስክሞት ድረስም የማውቅ አይመስለኝም።"

"ያን ፒያኖ ቀን ከሌት የምትሰሚው ለዚህ ነው?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ራሴንም ጠይቄ አላውቅም። "ለዚህ ነው" አልሁት።

እጄን ያዘኝ፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። "እንግዲያስ ቤት ስንገባ ክፈችው" አለኝ። "ድምፁን ጨምሪው፣ እኔም አብሬሽ እሰማለሁ። እሷ ትምታልሽ፤ አንቺ አትምቺ።"

ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እሺ ብየው አላውቅም ነበር። እሺ አልሁት።